ግርዱም ይመዘን

በየትኛውም አገር፣ ሰዎች ሰብሰብ ብለው ያለ ክፍያ አንድ ቁም ነገር እንሥራ ባሉበት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ «ማን አለ?» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሲያወራ እሱ መነጽሩን ይወለውላል። ሌላው ሲያጨበጭብ እሱ ቀና ይልና «ማን አለ?» ይላል፤ ጭብጨባው ይቆማል። ይህ ሰው በየኮሚቴው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየወላጆች ስብሰባው አለ። እሱ የቀረበት ስብሰባ ቶሎ ያልቃል። ችግሩ፣ እሱ በሌለበት የተወሰነው ነገር አብዛኛው በኋላ ውሸት ሆኖ መገኘቱ ነው።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ቨርና ራንታላ ይባላሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። እዚህ ፖርት ካልደር፣ ሐይቁ ዳር ከተደረደሩት የእህል ጎተራዎች በአራተኛው ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ስንዴው ከሜዳው አገር በባቡር ይመጣል፤ ከዚያ መርከብ ላይ ይጫናል። መሃል ላይ ወይዘሮ ቨርና ቆመው ከየፉርጎው ናሙና ይዘግኑ፣ በወንፊት ይነፉ፣ ምርቱንና ግርዱን ለየብቻ ይመዝኑ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ጎተራው ወንፊቱን በስጦታ ሰጣቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ይቀመጥ ነበር። እሳቸው ወደ እኛ መጡ።

እኛ ማለት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ የምንገናኝ ዘጠኝ በጎ ፈቃደኞች ነን። ኢንተርኔት ላይ ማንም የሚያነበው፣ ማንም የሚጽፍበት፣ ማንም የሚያርመው ነጻ መዝገበ ዕውቀት አለ፤ በእሱ ላይ ስለ ከተማችን እንጽፋለን። አንዱ ስለ ወደቡ፣ አንዷ ስለ ድሮዎቹ ሐኪም ቤቶች፣ አንዱ ስለ ባቡሩ። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ ከዚያ በላይ አልሄድኩም። በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ስለማላውቅ ብዙ ጊዜ ፎቶ ማስገባትና ነጠላ ሰረዝ ማስተካከል ነው ሥራዬ።

ወይዘሮ ቨርና ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ገጽ አልጻፉም። የሚያደርጉት እንዲህ ነው። ሌላው የጻፈውን ያነባሉ። ከዚያ በኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው የማኅደር ክፍል ይገባሉ፤ እዚያ የድሮ ጋዜጦች በፊልም ተቀርጸው ተቀምጠዋል። ማሽኑን ሲያዞሩ ይቆዩና ይመለሳሉ። ከዚያ ይሰርዛሉ። «ዝነኛ» የሚለውን ይሰርዛሉ። «ተወዳዳሪ የሌለው» የሚለውን ይሰርዛሉ። «ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ» የሚል ካዩ የወጣውን ሕዝብ ቆጥረው ይመጣሉ። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው።

«ግርድ ነው።»

ከከተማችን መግቢያ ላይ ከእንጨት የተሠራ ትልቅ ዓሣ ቆሟል። ከልጅነታችን ጀምሮ በዓለም ትልቁ የእንጨት ዓሣ እንደሆነ እናውቃለን፤ ከሥሩ ያለው ሰሌዳ ይላል፣ የከንቲባው ደብዳቤም ራስጌው ላይ ይላል። ወይዘሮ ቨርና «ማን አለ?» አሉ። ከድንበሩ ወዲያ ሌላ የእንጨት ዓሣ እንዳለ ሰምተው፣ የብረት ሜትራቸውን ይዘው አራት ሰዓት ነዱ። ድንበር ላይ ፖሊሱ «የጉዞዎ ዓላማ?» ሲላቸው «ዓሣ ልለካ» አሉት። መኪናቸውን ጎማው ሳይቀር ፈተሹት። የዚያኞቹ ዓሣ ከእኛው በሁለት ሜትር በለጠ። ወይዘሮ ቨርና ተመልሰው «በዓለም» የሚለውን ቃል ሰረዙ። ከንቲባው እስከ ዛሬ ሲያያቸው መንገድ ይሻገራል።

ወደቡ ጋ ያለው ፓንኬክ ቤት በሩ ላይ «በከተማው ምርጥ ፓንኬክ» ይል ነበር። በየሳምንቱ እየገቡ፣ አዝዘው፣ በልተው፣ ሲወጡ «ማን አለ?» ሲሉት ባለቤቱ መረረውና ጽሑፉን በቀለም አጠፋው። አሁን በሩ ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፤ «ፓንኬክ»። ከዚያ ወዲህ ወረፋ አይጠፋበትም። ሰው እውነትም ይርበዋል መሰለኝ።

ቀብር ላይ እንኳ አይምሩም። አንድ ጊዜ ፓስተሩ «ሟች በሕይወት ዘመኑ ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም» ሲል ከፊተኛው ወንበር «ማን አለ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሟቹ የገዛ ባላቸው ነበር።

የእኔም ተራ ደረሰ። የአባቴ አጎት ኤልመር በጉተታ ጀልባ ላይ ይሠራ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ፣ በኅዳር ማዕበል አንድ መርከብ ሐይቁ ላይ ሲሰበር፣ ኤልመር ገመድ ከወገቡ አስሮ ዘሎ ገባና አሥራ አንድ ሰው አወጣ። በቤታችን ይህ ታሪክ ከጸሎት ቀጥሎ የሚነገር ነው። አያቴ ነገረችኝ፤ አባቴ ነገረኝ፤ እኔ ለልጆቼ ነገርኩ። ታሪኩን ለመዝገቡ ስጽፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ በፊት የጻፍኩት ረጅም ነገር ቢኖር የጎማ መፈንዳት ሪፖርት ነበር።

በሳምንቱ ገጹን ስከፍት ሲሶው ብቻ ቀርቷል። ማዕበሉ አለ። ገመዱ አለ። አሥራ አንዱ ሰው ግን ሁለት ሆነዋል። ከጎኑ ሦስት ቃል ማስታወሻ ተጽፏል፦ «ጋዜጣው ሁለት ይላል።»

ዘጠኝ ሰው በአንድ ጠዋት! ማዕበሉ እንኳ ያን ያህል አልጨከነም።

ለሦስት ቅዳሜ ከቤት አልወጣሁም። ስመለስ ወይዘሮ ቨርና እንደተለመደው የጋገሩትን ፑላ የሚባል ጣፋጭ ዳቦ እየቆረሱ ያድላሉ፤ የእኔን ቁራሽ አቆይተውልኝ ነበር። በላሁት። ያንን ገጽ ግን ሁለተኛ አልከፈትኩትም። ይህ ከሆነ አራት ዓመቱ ነው።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ቆጣሪው መጣ። የከተማው ምክር ቤት በጎ ፈቃደኞች ምን ያህል እንደሚሠሩ ይታወቅ ብሎ ስለጠየቀ፣ ቤተ መጻሕፍቱ የእያንዳንዳችንን ሥራ የሚከታተል ሶፍትዌር አስተከለ። የተከለው ላይል ዋፑስ ነው። ላይል የከተማው አውቶቡሶች ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ነው። ሶፍትዌሩን ራሱ አልሠራውም፤ ልክ እንደ መዝገባችን ማንም በነጻ ወስዶ የሚጠቀምበት፣ ማንም የሚያሻሽለው ነገር ነው። እኛ ስሙን ማን ያስታውሰዋል፤ እንደ መብራት ቆጣሪ «ቆጣሪው» አልነው።

ቆጣሪው የድሮውንም ሥራችንን ቆጥሮ፣ ግድግዳው ላይ ባለ ስክሪን ስማችንን ደርድሮ ያሳያል። ፊደል የጨመረ በአረንጓዴ፣ ፊደል የቀነሰ በቀይ።

ከላይ፣ በአረንጓዴ፣ ሊቀ ደማሪዎች ኖርማን ዱቢንስኪ ተሰየመ። ኖርማን ደግ ሰው ነው፤ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ቆጣሪው እስኪመጣ ድረስም ሥራው መልካም ነበር። ቆጣሪው ከመጣ በኋላ ግን ድልድይ ያዘው። በከተማው ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ድልድይ አንድ አንድ ገጽ ይጽፍ ጀመር። ድልድዮቹ ሲያልቁበት ቦዮቹን ቀጠለ። ከብረታ ብረት መደብሩ ጀርባ ሁለት ሳንቃ የተጋደመበት ቦይ አለ፤ ስለ እሱ የተጻፈው ገጽ ከአባቴ አጎት ገጽ ይረዝም ነበር። መግቢያው «ታሪካዊው» ይል ነበር።

ከታች፣ በቀይ፣ ክብርት ወይዘሮ ቨርና ራንታላ። ከዜሮ በታች ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባ።

መጀመሪያ ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። «እንዲህ ብዙ መሥራቴን አላውቅም ነበር» አሉ። በኅዳር ግን ማስታወቂያ ተለጠፈ። ለማኅደር ክፍሉ ያሉት የመግቢያ ካርዶች አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው፤ የሚፈልጋቸው ብዙ ነው፤ ስለዚህ በቆጣሪው ላይ ቢያንስ አምስት ሺህ ፊደል ያልጨመረ ሰው ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ ካርዱን ይመልሳል ይላል። ያለዚያ ካርድ ወይዘሮ ቨርና ወንፊት የተቀማ መዛኝ ማለት ናቸው። ጋዜጦቹን ማየት ካልቻሉ የሚሰርዙት በግምት ሊሆን ነው፤ በግምት ደግሞ አንዲት ነጥብ አይሰርዙም።

«ቀላል ነው ቨርና» አላቸው ኖርማን፣ ፑላውን እያላመጠ። «አምስት ሺህ ፊደል ምን አላት? ድልድይ እሰጥሻለሁ። ሃያ ድልድይ ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ በስምሽ አስገቢያቸው።»

«የምን ድልድይ?»

«የፓርኩን፣ የጎልፍ ሜዳውን...»

«የጎልፍ ሜዳው ድልድይ ስር ውሃ አለ?»

«በጸደይ አለ።»

«ኖርማን፣ አንተ በደህናው ቀን የሰው ደብዳቤ ሳትከፍት የምታደርስ ሰው ነበርክ። ምን ነካህ?»

«እኔ ለአንቺ ብዬ ነው! ክፍሉ ቢዘጋብሽ እኔን ምን ቸገረኝ?»

«ድልድይህን ለሚሻገርበት ስጠው» አሉና ቀሪውን ፑላ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ያን ቀን ማንም ሁለተኛ ቁራሽ አላገኘም።

እኔም በኋላ ደረጃው ላይ ጠጋ ብዬ፣ ስለ ጎተራቸው የሚያውቁትን ጥቂት ቢጽፉ፣ አምስት ሺህ ፊደል ይሞላል ብዬ ሞከርኩ።

«ሬይመንድ፣ አንተ ልጅ» አሉኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። «ጎተራው በደንብ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ፤ የሚጨመርበት የለም። ሚዛኑ ተጣሞ ሳለ እህሉን ለሚዛኑ ብዬ ላጣምም?»

«ካርዱን ይወስዱብዎታል እኮ።»

«ይውሰዱ። ሚዛኑ የተጣመመ መሆኑን ግን ሳልናገር አልሰጣቸውም።»

ስብሰባው የተጠራው በታኅሣሥ ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሪት ፕሩደንስ ሃሌት ጥሩ ሰው ናት። ክፉ ወሬ ስትናገር ድምፅዋ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ስትለሰልስ እንሸማቀቃለን።

«ወይዘሮ ቨርና» አለች፣ እንደ ቅቤ ለስልሳ፤ «እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም። ግን ዝርዝሩን ረቡዕ ለምክር ቤቱ ማስገባት አለብኝ። ካርድ ከያዙት አንዷ ሁለት መቶ ሺህ ከዜሮ በታች ናቸው ብዬ እንዴት አስረዳለሁ?»

«ግርዱን መዝኑት።»

«ምን አሉኝ?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ጎተራ ውስጥ ስሠራ ግርዱን ሳይመዝን የጣለ መዛኝ አላየሁም። ስንዴው ይመጣል፤ እነፋዋለሁ፤ ምርቱ ይህን ያህል፣ ግርዱ ይህን ያህል ተብሎ ሁለቱም ይጻፋል። ማንም መጥቶ ‹ቨርና፣ ስንዴውን አጎደልሽው› ብሎኝ አያውቅም። የእናንተ ሚዛን ግን ከነአፈሩ ይመዝንና አፈር ያመጣውን ይሸልማል።»

ኖርማን ፊቱ ቀላ። «አፈር ያልሽው እኔን ነው?»

«እኔ ስም አልጠራሁም። አፈሩ ራሱ አቤት አለ።»

ላይል ሳቁን ለመደበቅ ከጠረጴዛው ስር የወደቀ ነገር መፈለግ ጀመረ። ወይዘሪት ፕሩደንስ ግን ሞኝ አይደለችም።

«እሺ፤ መሰረዝንም እንደ ሥራ እንቁጠር። ነገ አንዱ ይመጣና ያገኘውን ሁሉ ሰርዞ አንደኛ ይወጣል። ያኔስ?»

ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ወይዘሮ ቨርናም ትክክል ጥያቄ ሲያገኙ እንደሚያደርጉት ደስ አላቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጎበዝ። እኛም ይህ ያስፈራን ነበር። ሰነፍ መዛኝ ስንዴውን ከግርዱ ጋር ይጥላል። ስለዚህ የእኔን ግርድ ሁለተኛ መዛኝ እንደገና ይነፋዋል። ግርዱ ውስጥ ስንዴ ከተገኘ ጉዴ ፈላ። ካልተገኘ ይጻፍልኛል። እዚህም መዛኝ ሞልቷል፤ መዝገቡ ማንም የሚያርመው አይደል? የሰረዝኩት ስንዴ ከሆነ አንዱ ይመልሰዋል። የመለሰው ካለ አትቁጠሩልኝ።»

ላይል ከጠረጴዛው ስር ብቅ አለ። ለካ የሚፈልገው ነገር ኖሮ እርሳሱ በእጁ ነው። «ቆይ ኩኩም» አለ። በላይል ወገኖች ቋንቋ አያቴ እንደ ማለት ነው፤ ሊያናድዳቸው ሲፈልግ እንዲህ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ተናደው አያውቁም። «ቆጣሪው የሚያየው ገጹ በፊት ስንት ፊደል ነበር፣ አሁን ስንት ሆነ የሚለውን ብቻ ነው። የገባው ነገር ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ግን ዘጠና ቀን ጠብቅ ልለው እችላለሁ። በዘጠና ቀን ውስጥ ማንም ያልመለሰው ስረዛ ይቆጠር።»

«ጭማሪውስ?» አሉ ወይዘሮ ቨርና።

«ጭማሪውም እንደዚያው። ዘጠና ቀን ማንም ሳይሰርዘው የቆየው ይቆጠር። አንድ ሕግ ለሁለቱም።»

«ሁለቱም» የሚለውን ሲሰማ ኖርማን ተነሣ። ድልድዮቹ በዓይኑ እየዞሩበት መሆን አለበት።

«ይህ ሁሉ ወሬ ነው! ስረዛ ሥራ ነው፣ ስረዛ ምርት ነው ትላላችሁ! እስኪ አንዱን እንይ። ላይል፣ እሷ ከሰረዘችው ትልቁን አውጣልን። በአንድ ጊዜ የሰረዘችውን ትልቁን። የተጎዳው ሰውም ይናገር።»

ላይል ፈለገ። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀይ ነገር ወጣ፤ ከላይ እስከ ታች በቀይ የተሰረዘ ጽሑፍ። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። ኤልመር።

«ይኸው!» አለ ኖርማን። «የሰው ቤተሰብ ታሪክ! ሬይመንድ እዚህ አለ። ንገራቸው ሬይመንድ፤ ምን እንደተሰማህ ንገራቸው። ሦስት ሳምንት ቀርተህ የለም እንዴ!»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ያላዩኝ ወይዘሮ ቨርና ብቻ ናቸው። እሳቸው ፊት ለፊት፣ ስክሪኑን ቀጥ ብለው እያዩ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። አልለመኑኝም፤ ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

እጄን ላወጣ ስል ቀድሞውኑ ሁሉም እያየኝ መሆኑ ትዝ አለኝና መለስኩት።

«ዘጠኝ ሰው ወሰዱብኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «በጣም ተቀይሜ ነበር።»

«ይኸው!»

«አልጨረስኩም ኖርማን።» በሕይወቴ ለሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ ከአውቶቡሱ ልጆች በስተቀር። «በአራተኛው ቅዳሜ እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ማኅደር ክፍል ገብቼ ጋዜጣውን ራሴ አየሁት። ውሸታም ላደርጋቸው ነበር የገባሁት። ጋዜጣው ሁለት ይላል። ሌሎቹን ዘጠኝ ሰዎች ሌላ ጀልባ ነው ያወጣቸው፤ የጀልባው ስም ሳይቀር አለ። እኛ ቤት መቶ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ዘጠኝ ሰው ሰርቀን ተቀምጠናል። አራት ዓመት አውቄው ለማንም አልተናገርኩም። ለልጆቼም፣ ለወይዘሮ ቨርናም። ገጹ አሁን አጭር ነው። ግን ያለው ሁሉ እውነት ነው። ስለ ቤተሰባችን ከሚወራው እንዲህ ሊባል የሚችል ሌላ ነገር የለም።»

ተቀመጥኩ። ለካስ ቆሜ ኖሯል።

ወይዘሪት ፕሩደንስ ላይልን «እስከ ማክሰኞ ትጨርሰዋለህ?» አለችው። ድምፅዋ አልለሰለሰም።

«ማክሰኞ ከሰዓት» አለ ላይል።

ላይል ነገሩን ጨረሰ። የጨረሰበት መንገድ ግን መነገር አለበት። የድሮው ቆጣሪ ጭማሪን በአንድ በኩል፣ ቅነሳን በሌላ በኩል የሚያስተናግዱ ሁለት የተጠላለፉ ክፍሎች ነበሩት። ሕጉ አንድ ሲሆን አንደኛው ክፍል ትርፍ ሆነ፤ ላይልም አወጣው፤ ማሻሻያውንም ሶፍትዌሩን ለሠሩት ላከላቸው። የሶፍትዌሩ ሠሪዎች ደግሞ የየራሳቸውን ሥራ የሚቆጥሩበት ሌላ ቆጣሪ አላቸው። እዚያ ላይ ከላይል ስም ጎን በቀይ «መቶ አሥራ ሁለት መስመር ከዜሮ በታች» ተብሎ ተጻፈበት። ቅዳሜ ይህን በስልኩ ሲያሳየን ወይዘሮ ቨርና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«እንኳን ደህና መጣህ» አሉት። «ከእኔ በታች ያለው ወንበር ባዶ ነው።»

«ማሻሻያውን ዓለም በሙሉ ሊጠቀምበት ነው፤ እኔ ግን ዕዳ ውስጥ ገባሁ ኩኩም።»

«ለእነሱም ንገራቸው፤ ግርዱን ይመዝኑ።»

አዲሱ ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ወጣ። ካርዱ አልተነካም። እሳቸው ከሰረዟቸው ፊደላት ማንም ያልመለሳቸው ሁለት መቶ ዘጠኝ ሺህ ናቸው፤ ወይዘሮ ቨርና አንደኛ። ከስማቸው ጎን ቆጣሪው በራሱ ፈቃድ የወርቅ ኮከብ አስቀምጦ «የወሩ ጀግና» ብሎ ጽፏል። አነበቡት። መነጽራቸውን አስተካክለው እንደገና አነበቡት።

«ማን አለ?»

«ኧረ በቃ!» አለ ላይል።

«አንሣው። ጀግና የሚባለው እሳት ውስጥ የገባ ነው። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የሰረዝኩት።»

ላይል ኮከቡን አነሣው። ሌላ አራት መስመር ከዜሮ በታች። ኖርማንም ከተፈራው ያነሰ ነው የወደቀው፤ ከመቶ አርባ ድልድዮቹ ሠላሳ ስምንቱ ቆመዋል። «የቆሙት ድልድዮች!» እያለ በኩራት ይቆጥራቸዋል፤ እውነትም ጥሩ ገጾች ናቸው። የሁለቱ ሳንቃዎች ገጽ ግን ፈርሷል።

አዲሱ ቆጣሪ አንድ ሌላ ነገር ያደርጋል። ስም ሲነኩት የሰውየውን ሥራ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ሌሎቹ ፑላ ሊበሉ ሲነሡ እኔ የወይዘሮ ቨርናን ስም ነካሁ። ዘጠኝ ዓመት ተዘረጋ። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። «ዝነኛ»፣ «በዓለም»፣ «በነቂስ»። ወደ ታች ስወርድ ስወርድ፣ በዚያ ሁሉ ቀይ መሃል አንዲት አረንጓዴ መስመር አየሁ። አርባ ሦስት ፊደል። ጭማሪ።

ቀኑ ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ ቤቴ ተቀምጬ ካኮረፍኩባቸው ቅዳሜዎች ሦስተኛው። ገጹ የኤልመር ነው። ከፈትኩት፤ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ከ«ሁለት ሰው አወጣ» ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ገብቷል፤ ከሁለቱ አንደኛው ኒሎ ሃርዩ የሚባል የሃያ ዓመት የከሰል ጫኝ እንደነበር ይናገራል። ከግርጌው የጋዜጣው ቀን አለ። መርከቡ ከተሰበረ ከአምስት ሳምንት በኋላ የወጣ ጋዜጣ ነው። እኔ ያየሁት የማግስቱን ብቻ ነበር፤ ስም አልነበረበትም። እሳቸው የአምስት ሳምንቱን ጋዜጣ ሙሉ፣ ገጽ በገጽ፣ ፊልሙን አዙረው ኒሎ በውስጥ ገጽ ላይ ለኤልመር ያወጣትን አራት መስመር የምስጋና ማስታወቂያ አግኝተዋል።

ዘጠኝ ስም የለሽ ሰው ወሰዱብኝ። አንድ ስም ያለው ሰው መለሱልኝ። እኔ ደግሞ ለአራት ዓመት ኩርፊያዬን እያስታመምኩ ሳልከፍተው ኖርኩ።

ወይዘሮ ቨርና ቢላዋውን ይዘው አጠገቤ ቆመዋል።

«ይህ አረንጓዴው ምንድነው?» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አዩ። ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

«ቆጣሪው ተሳስቶ ነው።»

«ማን አለ?» አልኳቸው።

ማስረጃ አጥተው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ የፑላውን ወፍራሙን ጫፍ፣ ስኳር የበዛበትን፣ ለማንም የማይሰጡትን፣ ቆርሰው እጄ ላይ አስቀመጡና ወደ ማኅደር ክፍላቸው ሄዱ።